ያበጠ የስልክ ባትሪ እሳት ሳያስነሳ እንዴት እንደሚወጣ

የስልኩ ጀርባ ከተነሳ ወይም ስክሪኑ ከፍሬሙ ከተላቀቀ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ቻርጅ ላይ አትሰኩት። «በመርፌ ወጋ አድርገው፣ ይተነፍሳል» ለሚሏችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉ። ሆዱ ውስጥ ያለው ጋዝ ራሱ ተቀጣጣይ ነው፤ መርፌው ደግሞ ውስጡን ሾርት ያደርገዋል።

ስልኩ ካልጋለ ቻርጁ ይለቅ። ቢያንስ ከ25 በመቶ በታች ይውረድ። የሞላ ባትሪ እሳቱ ከባዶው ይከፋል።

መስኮት ክፈቱ፣ መነጽር አድርጉ፣ አሸዋ ያለበት የብረት ባልዲ አጠገባችሁ ይሁን። ስልኩን አጥፍታችሁ ክፈቱና ሌላ ነገር ሳትነኩ የባትሪውን ፍሌክስ (ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ስስ ገመድ) ንቀሉ።

ዋናው ጣጣ ሙጫው ነው። አንዳንዱ ባትሪ ከሥሩ የሚሳብ የሙጫ ጥብጣብ አለው፤ ካለው ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከሌለው ወይም ከተበጠሰ ብዙ ሰው ካቻቪቴ ያስገባል። እሳቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ባትሪው ውስጥ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚለያቸው ከፀጉር የሳሳ ፕላስቲክ ነው። እሱ ከተቀደደ ሾርት ይፈጠራል፤ ሙቀቱም ራሱን እያባባሰ ይሄዳል።

ሙጫ ማሞቂያም ላበጠ ባትሪ አይሆንም። ይልቅ አይሶፕሮፒል አልኮል በባትሪው ጠርዝ ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አልኮሉም ይቀጣጠላልና ክብሪት፣ ሲጋራ፣ የጋለ ካውያ አይቅረብ። ከዚያ ያገለገለ የባንክ ካርድ አስገቡ፤ ለእኔ ከውድ የመፍቻ ኪት ይበልጣል። ካርዱ ወደ ፍሬሙ ተጭኖ ይንሸራተት እንጂ ወደ ባትሪው አይቅና። እምቢ ሲል አልኮል ጨምሩ፣ ጉልበት አትጨምሩ። ባትሪው ሊታጠፍ ከጀመረ አቁሙ።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ከመጣ የባትሪው ፈሳሽ አፈትልኳል። ወዲያው አሸዋው ውስጥ አስገብታችሁ ባልዲውን ደጅ አውጡት። ጭስ ከጀመረ ግን ባትሪውን በእጅ አትንኩት፣ ጭሱንም አትማጉ፤ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ዘወር በሉና እሳት አደጋ ጥሩ። «ሊቲየም ላይ ውሃ አይደፋም» የሚባለው ለንጹሕ ሊቲየም ብረት ነው። የስልክ ባትሪን ብዙ ውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ አሸዋ ግን እሳቱን ያፍነዋል እንጂ ሙቀቱን አያወርደውም። ነበልባሉ ቢጠፋም ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ወደ ቤት አትመልሱት።

በሰላም ከወጣ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኑ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ እስክትሰጡት ደጅ፣ ባልዲው ውስጥ ይቆይ።