ቅርብ ነው በሚል መዘናጋት፦ የአዲስ አበባን ዙሪያ ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላሊበላን ሁለት ጊዜ የተሳለመ፣ አክሱምንና ጎንደርን የጎበኘ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከየካ ተራራ ላይ ከአንድ አለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ሳያይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ሩቅ አገር ስንሄድ ገንዘብ እናጠራቅማለን፣ ቀን እንቆጥራለን፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን። ከደጃችን ወዳለው ቦታ ስንወጣ ግን «ቅርብ አይደለም እንዴ?» ብለን በእጃችን ምንም ሳንይዝ እንነሣለን። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ መዘናጋት የሚወለዱ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹን እኔ ራሴ ፈጽሜአቸዋለሁ።

ከፍታውንና ሰዓቱን መናቅ

አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ነዋሪዋ ከፍታን የለመደ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በሰበታ በኩል የሚታየው የወጨጫ ተራራ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸው። እዚያ ላይ እስትንፋስ ያጥራል፤ ፀሐይዋ ሳትሞቅ ቆዳን ታቃጥላለች፤ ደመና ሲጋርዳት ደግሞ በሸሚዝ የወጣ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በክረምትና በበልግ ጠዋት ጥርት ብሎ የዋለ ሰማይ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሊዘንብ እንደሚችል ማንም የከተማዋ ሰው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ተራራ ሲወጣ የሚያውቀውን ይረሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋሻ ሚካኤል የወጣሁት በነሐሴ ወር፣ ለሠርግ በገዛሁት የቆዳ ጫማ ነበር። መንገዱ አቀበት መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ ጭቃው ምን ያህል እንደሚያንሸራትት ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ስደርስ የተፈለፈለው ክፍል ውስጥ የዝናብ ውኃ ተጠራቅሞ ስለነበር ከአፋፉ ቆሜ ወደ ታች ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልሁም። ሕንፃው ከመሬት ወለል በታች ወደ አለቱ ዘልቆ የተሠራና ጣሪያው የፈረሰ በመሆኑ ክረምት ላይ ውኃ መያዙ የሚጠበቅ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ የሚነሣ ሰው ሌላ ቦታ የሄደ እስኪመስለው ድረስ ልዩነቱን ያየዋል።

ስለ ሰዓት ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ጀንበር ፈጥና ትጠልቃለች፤ በተራራ ጥላ ሥር ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጅብ አለ፤ ሰው በማይበዛበት መንገድ ላይ ዘራፊም ሊያጋጥም ይችላል። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ላይ መውጣት ሳይሆን ወደ ታች መውረድ ይገባል። ብቻ መሄድም አይመከርም፤ ከአካባቢው ልጆች አንዱን በተስማሙበት ዋጋ አስከትሎ መሄድ መንገድንም ጥበቃንም ያስገኛል።

የበዓላትን ቀን አለማወቅ

በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ብዙዎቹ ጥንታዊ ቦታዎች የጸሎት ቦታዎች ናቸው። በመሆኑም ቦታው በየትኛው ቀን ምን እንደሚመስል የሚወስነው የሳምንቱ መጨረሻ ሳይሆን የወሩ ቀን ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ቀን ሲሆን ገጠር ያለች ጸጥተኛ ቤተ ክርስቲያን በነጠላ ለባሽ ትሞላለች። ጸጥታን የፈለገ ሰው በዚያ ቀን ቢሄድ ያዝናል፤ ማኅሌትንና የሕዝቡን ድባብ የፈለገ ሰው ደግሞ በሌላ ቀን ቢሄድ የተዘጋ በር ያገኛል። ሁለቱም ጥፋቱን በቦታው ላይ ያላክካሉ።

ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ ዝቋላ ነው። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ ለብቻው የቆመው ይህ የጠፋ እሳተ ገሞራ 2,989 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛሉ። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን ተራራውን ስለሚሞላው መንገዱም ማደሪያውም ይጨናነቃል። ይህን ሳያውቅ በዚያን ቀን መኪናውን ይዞ የሚወጣ ሰው ግማሹን ቀን በአቧራ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል። የመጋቢቱ በዓል በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውልም በአካባቢው የሚገኘው ምግብ የጾም ብቻ ነው፤ «ሽሮ እንጂ ሌላ የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ ያሳፍራል። ሐይቁም የተቀደሰ ስለሆነ እንደ መዋኛ አይታይም።

በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የሚከበረው የኢሬቻ በዓልም እንዲሁ ነው። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ከተማዋ በሕዝብ ስለምትጥለቀለቅ፣ በዓሉን ለማየት የሚሄድ ሰው ገና በዋዜማው መግባት አለበት፤ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት የፈለገ ግን ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ለራሱም ለበዓለተኛውም ይበጃል።

«እዚችው ናት» የሚለውን መልስ እንደ ልኬት መውሰድ

የገጠር ሰው እንግዳን ተስፋ ማስቆረጥ ነውር ይመስለዋል። ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ስሄድ ጥጃ የሚነዱ አንዲት እናት አግኝቼ «እማማ፣ ደኑ ሩቅ ነው?» ብዬ ብጠይቅ «እዚችው ናት እኮ ልጄ» አሉኝ። «እዚችው» የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ሆና ተገኘች። እርሳቸው አልዋሹኝም፤ እርሳቸው በየቀኑ የሚሄዱበት ስለሆነ እውነትም እዚችው ናት። ጥያቄው ግን የእኔ ጥፋት ነበር፤ «እርስዎ አሁን ቢነሡ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» ብሎ መጠየቅና በተሰጠው መልስ ላይ ግማሹን መጨመር ከማንኛውም የስልክ ካርታ ይበልጣል። ካርታው የሚያሳየው መንገድ ክረምት ላይ ወንዝ የሚሞላበት ሊሆን ይችላልና።

ከደረሱ በኋላ ግን ድካሙ ይረሳል። መናገሻ ሱባ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ጽዶችና ኮሶዎች፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘሉ ጉሬዛዎች፣ ዕድለኛ ለሆነም የምኒልክ ድኩላ አሉ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ባሕር ዛፍ ብቻ እያየ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ተራሮቻችን በፊት ምን ይመስሉ እንደነበር የሚገምትበት ቦታ ይህ ነው።

የሰሙትን ሁሉ እንደ ታሪክ ማውራት

ቅርብ ስላሉ ቦታዎች የተጻፈ ነገር ጥቂት በመሆኑ ክፍተቱን አፈ ታሪክ ይሞላዋል። አፈ ታሪክን መስማት ደስ ይላል፤ ለልጆች ሲነግሩት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ስህተቱ ትውፊቱን ከታሪኩ ሳይለዩ መያዝ ነው። ዋሻ ሚካኤልን የአካባቢው ትውፊት ወደ ጥንታዊው የክርስትና ዘመን ሲያወጣው፣ ስለ ሕንፃው የጻፉ ሰዎች ግን ወደ 12ኛው ምዕተ ዓመት ያቀርቡታል። በቡታጅራ መንገድ ገባ ብላ የምትገኘው አዳዲ ማርያምም በትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ትያያዛለች፤ ከመሬት በታች ተፈልፍላ ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባት በመሆኗ ለላሊበላ ጉዞ አቅም ያላገኘ ሰው አሠራሩን ሊያይባት ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ደብረ ሊባኖስ አካባቢ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ ነገር ነው። ሁሉም ሰው «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል፤ አስጎብኚ ነኝ ባዩም በኖራና በሰጎን እንቁላል ተቦክቶ እንደ ተሠራ ይተርክለታል። ድልድዩ ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በምኒልክ አጎት በራስ ዳርጌ ዘመን የተሠራ ነው። የገዛ ሰዎቻችንን ሥራ ለባዕድ ሰጥተን ስናደንቅ መኖራችን ለእኔ ከድልድዩ ይልቅ አስገራሚ ነው። ከድልድዩ አጠገብ ገደሉ ላይ የሚግጡት ጭላዳዎች ግን ታሪክ አያስፈልጋቸውም፤ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል።

እንጦጦም ቢሆን ለሽርሽር ብቻ የምንወጣበት መስሎን የምናልፈው ብዙ ነገር አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥታቸውም በዚያው ቅጥር አጠገብ ይታያል። በመዝናኛው ፓርክ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለሰው ወጣት ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ይህ መኖሩን ሳያውቅ ይወርዳል።

ሰውን እንደ ትዕይንት ማየት

ይህኛው ስህተት ከሁሉም ይከብዳል። በእንጦጦ ቁልቁለት ከራሳቸው ክብደት የማያንስ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ጎንበስ ብለው ሲያልፉ ካሜራ የሚደቅንባቸው ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ «አይሆንም» ካሉ ይቅርታ ብሎ ማለፍ ምን ይከብዳል? ጠበል ባለበት ቦታ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ሕመምተኛን ፎቶ ማንሣት በምንም መንገድ አይገባም።

ከከተማዋ ወሰን ትንሽ ወጣ ሲሉ በሱሉልታም ሆነ በሰበታ በኩል ብዙው ገበሬ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና ሲመለሱ «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት የማያውቁትን በር ይከፍታል። ከከተማ የቋጠሩትን ሳንድዊች ብቻ በልቶ ላስቲኩን ሜዳ ላይ ከመጣል ይልቅ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ፣ ከሱሉልታ እርጎ ገዝቶ መብላት ለጎብኚውም ለአካባቢውም ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ለሚገባም ጫማ ማውለቅ ስለማይቀር የሚወልቅ ጫማ ማድረግ፣ ለሴቶች ነጠላ መያዝ ይገባል።

ውኃ ሁሉ ይዋኝበታል ብሎ ማሰብ

የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠሩ ስለሆኑ ዳርቻቸው እንደ ወንዝ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ዋና እችላለሁ የሚል ወጣት ጥቂት እርምጃ ገብቶ እግሩ መሬት ሲያጣ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። በአቃቂ በኩል ያለው አባ ሳሙኤል ደግሞ የከተማዋን ወንዞች ቆሻሻ የሚቀበልና እምቦጭ የወረረው ስለሆነ ከሩቅ ይታያል እንጂ አይነካም። ገፈርሳና ለገዳዲ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያዎች በመሆናቸው ጥበቃ አላቸው፤ ካሜራ ከማውጣት በፊት ጥበቃውን ማነጋገር ያስፈልጋል። ከቡራዩ አለፍ ብሎ በሚገኘው ገፈርሳ አካባቢ ግን ማልዶ የሄደ ሰው ባለ ሰማያዊ ክንፉን የአገራችንን ዝይ ሊያይ ይችላል።

በአንድ ቀን ሁሉንም ልይ ማለት

የቡታጅራን መንገድ ይዞ የሚወጣ ሰው የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበትን መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምንና የጢያን ትክል ድንጋዮች በአንድ ቀን ማየት ይችላል፤ ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ። ዝቋላንና መናገሻን ወይም ደብረ ሊባኖስንና ቢሾፍቱን በአንድ ቀን ያቀደ ግን የሚያየው አስፋልት ብቻ ነው። በቡታጅራው መስመርም ቢሆን ቅደም ተከተሉን የሚስቱ ብዙ ናቸው። ብዙ ሰው ከሁሉ ቀድሞ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን መልካ ቁንጡሬን ያያል፤ አዋሽ ወንዝ ዳር የድንጋይ መሣሪያዎቹን ሲመለከት ይቆይና ጢያ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ሆና የሰይፍ ምልክት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ጥላ አልባ ሆነው ይጠብቁታል። እኔ የተማርሁት በተቃራኒው መሄድን ነው፦ በማለዳ ተነሥቶ በቀጥታ ጢያ፣ ቅርጹ በጎን ብርሃን በደንብ በሚታይበት ሰዓት 36ቱን ትክል ድንጋዮች ማየት፤ ሲመለሱ ወደ አዳዲ መታጠፍ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን መልካ ቁንጡሬን፣ ጎጆ መሰል የሙዚየም ክፍሎቹ ሳይዘጉ፣ ከ9 ሰዓት በፊት መድረስ።