ለመማሪያ ክፍል ፕሮጀክተር ስትገዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ርዕሰ መምህር ደውለው «አዲሱ ፕሮጀክተር አይታይም፤ ና እስቲ እየው» አሉኝ። ስደርስ ዕቃው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት፣ የንብረት ቁጥር ተጽፎበት ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብሏል። ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ክፍሉ በግራም በቀኝም መስኮት አለው፤ መጋረጃ ግን የለውም። የባዮሎጂ መምህሩ በአንድ እጁ ደብተር ዘርግቶ ፀሐዩን ይከላከላል፣ በሌላው እጁ ግድግዳውን እየጠቆመ «ልብ ይኸውና» ይላል። 58 ተማሪ ዓይኑን አጥብቦ ይፈልጋል። ልብ የለም። ካርቶኑን ገልበጥ አድርጌ ሳየው «9000 ሉመን» ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው።

ስለዚህ ቁጥር ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ ይደረግልኝ። «ሉመን» ብሎ ብቻ ዝም ያለ ጽሑፍ ሻጩ የፈለገውን የሚሞላበት ባዶ ቦታ ነው። መጠየቅ ያለበት አንሲ ሉመን ወይም በአይኤስኦ 21118 (ዓለም አቀፍ የፕሮጀክተር መለኪያ ደረጃ) መሠረት የተለካ ብርሃን ነው። አንሲ ሉመን የሚለካው ከምስሉ ላይ ዘጠኝ ቦታ ተወስዶ በአማካይ ስለሆነ መሃሉን ብቻ አድምቆ ማታለል አይቻልም። «9000» የተባለው ትንሽ የኤልኢዲ ዕቃ በዚህ መለኪያ ቢመዘን ጥቂት መቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። መስኮት ላለው ክፍል ከ3500 አንሲ ሉመን በታች አትግዙ እላለሁ፤ ስናገር ግን ሰሚ የለኝም። የግዥ ጥያቄው ላይ የሚጻፈው «ፕሮጀክተር፣ ጥራት ያለው፣ ብዛት 4» ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል፣ ዝቅተኛው ደግሞ መቼም ያው ባለ 9000ው ነው። ሻጩን ብቻ አልወቅስም፤ ምን እንደሚፈልግ ጽፎ ያልጠየቀ ገዥ የሰጡትን ይወስዳል።

ደግሞም ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይረጭም። ጥቁር መስሎ የሚታየው ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። ፀሐይ ግድግዳውን ካነጣችው ጥቁር ፊደል ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ከበጀቱ ላይ በመጀመሪያ በሰሌዳው አጠገብ ላሉት ሁለት መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ ቁረጡ።

ሁለተኛው ስህተት የእኔም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሰቀልኳቸው ፕሮጀክተሮች አምፖላቸው ዕድሜውን ሳይጨርስ ይቃጠል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት ኃይልን ስረግም ከርሜ አንድ ቀን መመሪያውን አነበብኩ። ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ከ1500 ሜትር በላይ ሲሠሩ የከፍተኛ ቦታ አሠራር የሚባለውን ከዝርዝሩ (ሜኑ) ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አዲስ አበባም ከ2300 በላይ ነች። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት ተሸክሞ አይወጣም፤ ማራገቢያው በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ስትገዙ ይህ አሠራር መኖሩን፣ ዕቃው እስከ ስንት ሜትር እንደተፈቀደለትም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ 3000 አካባቢ ያበቃሉ። እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁም ድምፁን ስሙት፤ ማራገቢያው ሲጮህ የኋላ ረድፍ መምህሩን አይሰማም። የድሬዳዋ ሰዎች ይህን ዝለሉት፤ የእናንተ ጣጣ ሌላ ነው።

ርቀት ሳይለኩ መግዛት። የምስሉ ስፋት በሬሾው (ርቀቱ የምስሉን ስፋት ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚናገረው ቁጥር) ሲባዛ ፕሮጀክተሩ የሚቀመጥበትን ርቀት ይሰጣል፤ ሬሾው 1.5 ከሆነና 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ከፈለጋችሁ 3 ሜትር ማለት ነው። ጀማሪ እያለሁ የኮንክሪት ጣሪያ ከበሳሁ በኋላ ነበር የለካሁት፤ የምስሉ ሩብ በሩ ላይ አረፈ። ሬሾው 0.5 አካባቢ የሆነው ዓይነት ዋጋው ከፍ ቢልም ከሰሌዳው አንድ ሜትር ርቆ ስለሚሰቀል የመምህሩ ጥላ አያስቸግርም። የምስሉ ቁመት ደግሞ የመጨረሻው ወንበር ካለበት ርቀት ከአንድ ስድስተኛ አይነስ፤ 9 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ልጅ 1.5 ሜትር።

«ፉል ኤችዲ (1920 በ1080 ፒክስል) ይደግፋል» ማለት ይቀበላል እንጂ ያሳያል ማለት አይደለም። የራሱ የፒክስል ብዛት ስንት ነው በሉ።

የኮምፒውተሮቻችሁን ቀዳዳ ሳታዩ አትግዙ። አሮጌዎቹ ቪጂኤ (የድሮው ዓይነት የምስል ገመድ መሰኪያ) ብቻ ናቸው።

ጠመኔ። በጠመኔ የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ስድስት ወር የቆየ ፕሮጀክተር ከፍቼ ማጣሪያውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታ መታ ሳደርገው ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ስለዚህ ማጣሪያው መሰላል ሳያስፈልግ፣ ዕቃው ሳይወርድ በጎኑ የሚወጣ ይሁን። ወይም የምስል ክፍሉ የታሸገ ዲኤልፒ (ምስሉን በጥቃቅን መስታወቶች የሚሠራ ዓይነት) ውሰዱ። የጂኦግራፊ መምህር ግን ይቆጣችኋል፤ በርካሾቹ ዲኤልፒዎች ላይ የካርታ ቀለም ደብዘዝ ይላል።

መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ አምፖሉ ግን ገና እንደ ምጣድ የጋለ ነው። ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ከዋጋው ጋር ደምሩት። አቅም ካላችሁ ባለ ሌዘሩን ግዙ፤ አምፖል የለውም፣ 20,000 ሰዓት ያህል ይሠራል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ባለ አምፖሉን ከመረጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መለዋወጫ አምፖሉን አምጣ በሉት። «ይመጣል» ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ።

ርዕሰ መምህሩ ዕቃውን መመለስ ፈልገው ነበር፤ ሞዴል 19 ግን ተቆርጧል። በመጨረሻ መስኮት የሌለውን የድሮ የፕላዝማ ማስቀመጫ ክፍል አስጸዱ። እዚያ ውስጥ ልቡ ከነደም ሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክፍሉ 15 ተማሪ ይይዛል።