የቺካጎን ስርቆት ከካርታ ላይ እንዴት እናንብብ?

ነጥብ የፈሰሰበት ካርታ አይታችሁ «እዚህ ሰፈር ሌባ በዝቷል» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዳታውን አውርዱ። የቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለውን የወንጀል መዝገብ በድረ ገጹ በነፃ ይለቃል፤ የቅርቦቹ 7 ቀናት ብቻ አይካተቱም። አንድ ዓመትና አንድ ዓይነት ወንጀል ምረጡ። ስርቆትንና ግድያን ከደባለቃችሁ ስርቆቱ በብዛቱ ሁሉንም ይውጠዋል።

ከዚያ የየቦታውን መጋጠሚያ (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ከዲግሪ ወደ ሜትር ቀይሩ፣ በሜትር በሚለካው የካርታ ሥርዓት በዩቲኤም ዞን 16 ይሆናል። እኔ ይህን ረስቼ ግማሽ ቀን ባክኛለሁ፤ ርቀቱ ሁሉ ዜሮ ነጥብ ምናምን እየሆነብኝ።

አሁን ስርቆቱን በከተማዋ 77 አካባቢዎች ቁጠሩና ጂኦዳ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የሞራንን አይ (Moran's I)፣ ማለትም ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሰፈሮች ምን ያህል እንደተጎራበቱ የሚለካውን ቁጥር፣ አስሉ። ወደ 1 ከተጠጋ ከፍተኛው ከከፍተኛው፣ ዝቅተኛው ከዝቅተኛው ጋር ተጎራብቷል ማለት ነው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ዝም ብሎ የተበተነ ነው። የትኛው ሰፈር ላይ እንደተሰበሰበ የሚነግራችሁ ግን ሎካል ሞራን ነው፣ እሱንም አስኬዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስርቆቱን በሕዝብ ቁጥር ማካፈሉ ላይ ነው። ሉፕን እዩት፦ መሃል ከተማ ነው፣ ቀን ቀን ሠራተኛውና ገበያተኛው ይጎርፍበታል፣ የሚያድርበት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስርቆቱን በነዋሪ ቁጥር ብቻ ካካፈላችሁ የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጣል፤ የተሰረቀው ግን በአብዛኛው እዚያ የማይኖር ሰው ሊሆን ይችላል።

አድራሻው ደግሞ እስከ ብሎክ ድረስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ «ይቺ ቤት» ብላችሁ ጣት አትቀስሩ።