ሞተር እሳት ሲያጣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዱን እንደ ፍርድ መቀበል

ስካነሩ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ) ፒ0301 የሚለውን የጥፋት ኮድ ሲያወጣ ብዙው ሰው በቀጥታ ኮይል፣ ማለትም ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ክፍል፣ ሊገዛ ይሮጣል። ኮዱ የሚለው አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አላቃጠለም ብቻ ነው። ጥፋቱ የካንዴላ፣ የኮይል፣ የኢንጀክተር ወይም የወረደ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እምቅ ግፊት) ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ለየካንዴላው የራሱ ኮይል ካለው የአንደኛውንና የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ያቀያይሩ፤ ኮዱን አጥፍተው ትንሽ ይንዱ። ፒ0302 (የሁለተኛው ሲሊንደር ኮድ) ከመጣ ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው። ፒ0301 ከተመለሰ ካንዴላውንም እንዲሁ ያዘዋውሩት። ብሎን ፈትቶ ማሰር ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮይሉን ሲያወጡ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካዩ የቫልቭ ከቨር ጋስኬቱ ያፈሳል። እሱ ሳይቀየር አዲስ ኮይል ቢገባም የኮይሉ የጎማ ሽፋን በዘይቱ ይበላሻል።

ሁሉም ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ኮይሎቹን መወንጀል

አራት ኮይል በአንድ ጠዋት አይሞትም። ፊውዙን፣ ሪሌዩንና የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀውን) ይዩ። ሞተሩን እያዞሩ በስካነር ዙሩን ያንብቡ፤ ሞተሩ እየዞረ ንባቡ ዜሮ ላይ ከቆመ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ይጠርጥሩ። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ላይማ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ሴንሰር ነው።

የካንዴላ ገመድ ነቅሎ እሳቱን ቦዲ ላይ ማስፈንጠር

ይህ የፑንቲና (እሳቱን በሜካኒካል መንገድ የሚቆርጠው የድሮ ክፍል) ዘመን ልማድ ነው። የዛሬ ኮይል ከ30,000 ቮልት በላይ ሊያመነጭ ይችላል። ቮልቱ መውጫ ሲያጣ የኮይሉን ሽፋን በስቶ ሊወጣ ይችላል፣ ሞጁሉንም (ኮይሉን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል፤ እጅዎንም አይምርም። የእሳት መሞከሪያ መሣሪያ ርካሽ ነው።

በኦም መለኪያ ብቻ መደምደም

ሲቀዘቅዝ ትክክለኛ ኦም የሚያሳይ ኮይል ሲሞቅና ጭነት ሲበዛበት ሊከዳ ይችላል። ትራንዚስተር በውስጡ የያዘውን፣ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ሽቦ የሆነውን ኮይል ደግሞ በኦም መለካት ብዙም ትርጉም የለውም።

ባትሪና ግራውንድን (ባትሪውን ከቦዲና ከሞተር የሚያገናኘውን ገመድ) መዝለል

ሞቶሪኖው ሲያዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውን ያስተካክሉ።

የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ መንዳት

ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ይነዳል፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ሊያቀልጠው ይችላል። የእሱ ዋጋ ከኮይልና ካንዴላ ጋር አይወዳደርም።