የቆየ ላንድሮቨር ሽቦን ሳይቆርጡ ማንበብ

ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝም ሆነ ወደ አንኮበር የሚመላለስ ዕድሜ የጠገበ ላንድሮቨር ኮፈኑ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የሽቦ ውጥንቅጥ ነው። ፋብሪካው የዘረጋው መስመር ከሥር አለ። ከላዩ ባለፉት 40 እና 50 ዓመታት የተጨመረው፣ የተቀጠለውና በናስትሮ የተጠቀለለው ተደራርቧል። ባለቤቱ ያንን ሲያይ ይሰለችና «ሁሉንም በጥሰን እንደ አዲስ እንዘርጋው» ይላል። እንዲህ አታድርጉ። የድሮው ሽቦ ቢያረጅም የመኪናው ካርታ እሱ ነው፤ አንዴ ተመዞ ከተጣለ የትኛው ጫፍ የት ይገባ እንደነበር የሚነግራችሁ አይኖርም። አስቀድማችሁ አንብቡት፣ ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ ከዚያ አንዱን መስመር ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እየተሻገራችሁ ቀይሩ።

እዚህ የሚነገረው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1985 ስለተመረቱት ሲሪስ ሁለት፣ ሁለት ኤ እና ሦስት ነው። የሽቦው ቀለም ግን የእንግሊዙ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች የሉካስ ሥርዓት ስለሆነ እንደ ኤም ጂ ቢ እና ትራያምፍ ስፒትፋየር ባሉ የድሮ ስፖርት መኪኖችም ላይ ቋንቋው ያው ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ቴስተር (ቮልትንና ኦምን፣ ማለትም የሽቦውን ተቃውሞ የሚለካ)፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ሁለት ሽቦ ተበይዶበት፣ በሁለቱም ጫፉ መቆንጠጫ ያለው 6 ሜትር ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቤንዚን የነካው ጨርቅ፣ ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ። ደብተር አትርሱ። ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ነገር ግን በአቧራ የተሸፈነ ሽቦ በፎቶ ሁሉም ቡናማ ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የባትሪው የትኛው ጫፍ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር እንደታሰረ ተመልከቱ፤ ከረንት በሻንሲው ወደ ባትሪ የሚመለስበት ይህ ግንኙነት ማሳ ይባላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አካባቢ የተሠሩት ሲወጡ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር። ብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ኔጌቲቭ ይቀየራሉ፤ ስለዚህ በመኪናው ዕድሜ ሳይሆን በዓይናችሁ ባያችሁት ፍረዱ። የድሮው ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው ማመንጫ) ያለበት መኪና ማሳው ከተቀየረ በኋላ ዲናሞው እንደገና ዋልታውን መያዝ አለበት፦ ሁለቱን ሽቦዎች ከዲናሞው ንቀሉና ከባትሪው ማሳ ካልሆነው ጫፍ በተወሰደ ሽቦ ኤፍ የሚለውን ትንሹን ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ያህል ሁለት ሦስት ጊዜ ንኩ። ዲናሞውን የተካው አልተርኔተር ከሆነ ግን ቀልድ የለም። ባትሪው ለቅጽበት ተገልብጦ ከታሰረ ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ። ሞተሩ እየሠራም ባትሪ አይነቀልም። ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚፈታው፣ ስትጨርሱም መጨረሻ የሚታሰረው ከማሳ ጋር ያለው የባትሪ ጫፍ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። እያንዳንዱ ሽቦ እንደ ጋቢ መደብና ጥለት አለው። መደቡ ኃይሉ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል፣ ጥለቱ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ። ቡናማ መደብ ከባትሪ በቀጥታ፣ በፊውዝ ሳያልፍ የመጣ ነው። ነጭ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ እሱም ያለ ፊውዝ። አረንጓዴ ከቁልፉ በኋላ በፊውዝ ያለፈ ነው፤ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና ጌጆች ከዚህ ይመገባሉ። ወይን ጠጅ ቁልፍ ቢጠፋም ኃይል ያለው፣ ግን በፊውዝ ያለፈ፤ ክላክስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ቀይ ፓርኪንግና የኋላ መብራት፣ ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ጥቁር ማሳ። ጥለቱን ስትጨምሩበት፦ ሰማያዊ በነጭ ረጅም መብራት፣ ሰማያዊ በቀይ አጭር መብራት፤ አረንጓዴ በቀይ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ በነጭ የቀኝ፤ አረንጓዴ በወይን ጠጅ የፍሬን መብራት፤ አረንጓዴ በጥቁር የነዳጅ ጌጅ፣ አረንጓዴ በሰማያዊ የሙቀት ጌጅ፤ ነጭ በቀይ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) የሚያዝዘው፤ ነጭ በቡናማ የዘይት ግፊት፤ ቡናማ በቢጫ የቻርጅ ምልክት መብራት።

ቀለሙ በፀሐይና በዘይት ከጠፋ ቤንዚን በነካው ጨርቅ ጥረጉት። ካልለየ መጠቅለያውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ግለጡ፤ ውስጥ ያለው ብርሃን ያላየው ክፍል እንደ አዲስ ነው። መሐል ላይ የተቀጠለ ሽቦ ግን ቀለሙ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ጠጋኙ እጁ ላይ የነበረውን ሽቦ ነው የቀጠለው። አንድ ሽቦ መንገድ ላይ ቀለም ከቀየረ ሁለቱንም ጫፍ ቁጥር ለጥፉበትና በቴስተር አረጋግጡ።

የማረጋገጫው መንገድ ይህ ነው። ባትሪው ተነቅሎ፣ 6 ሜትሩን ሽቦ ከኋላ ባለው ጫፍ ላይ ቆንጥጡ፣ ሌላውን ጫፉን እስከ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ጎትቱና ቴስተሩን በኦም አድርጋችሁ ከተጠረጠረው ሽቦ ጋር አገናኙ። ከ1 ኦም በታች ካሳየ ያ ሽቦ እሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አምፖሎቹን ሳያወጣ ሲለካ ነው። የቀዘቀዘ የ21 ዋት አምፖል ክር ከ1 ኦም ያነሰ ስለሚያሳይ ቴስተሩ ይጮሃል፣ ጤነኛው መስመርም ከማሳ ጋር የተገናኘ ይመስላል። ያልነበረ ሾርት (ከረንት ያለ ቦታው ከማሳ ጋር መገናኘቱን) ፍለጋ ቀኑ ሙሉ የሚያልቀው በዚህ ነው። በመስመሩ ላይ ያሉትን አምፖሎች ሁሉ አውጡ፣ ከዚያ ለኩ።

ወደ ማሳ እንለፍ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው እሱ ነው። የላንድሮቨር አካል በአብዛኛው አልሙኒየም፣ ሻንሲው ብረት ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ውኃ ሲገባ አልሙኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት ያወጣል። ያ ዱቄት ከረንት አያሳልፍም። የመንዝ የክረምት ጭቃ ከኋላ መብራቶቹ ጀርባ ሲከማች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ይይዛል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ፍሬን ሲረገጥ ፓርኪንጉ ይደበዝዛል፣ ወይም ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራቱ አብሮ ብልጭ ይላል። ከረንቱ በማሳ መመለስ ስላልቻለ በሌላው አምፖል ክር ዞሮ መውጫ እየፈለገ ነው። ሰዎች ይህን ሲያዩ ፍሬቻውን ወይም ማብሪያውን ይቀይራሉ። ጥፋቱ አንድ ቡሎን ላይ ነው።

ማሳን በኦም አትለኩ፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም በኦም ጤነኛ ይመስላል። መብራቱን አብሩና ቴስተሩን በቮልት አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ በአምፖሉ ማቀፊያ ብረት ላይ፣ ሌላውን በባትሪው የማሳ ጫፍ ላይ አሳርፉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ታሟል። ቡሎኑን ፍቱ፣ ብረቱንም አልሙኒየሙንም እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ በአዲስ ሮንዴላ አጥብቁና ከላይ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡት። ቫዝሊኑ የሚቀባው ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ነው። ለኋላ መብራቶች ደግሞ በአካሉ ላይ ከመተማመን ይልቅ ሁለቱንም በጥቁር ሽቦ አያይዞ ሻንሲው ላይ ማሰር ይበልጣል፤ ይህን በየትኛውም ላንድሮቨር ላይ ብታደርጉት ትርፍ ነው።

ሞተሩ የተቀመጠው ጎማ ላይ ስለሆነ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ጥልፍ የማሳ ገመድ ከተበጠሰ የሞተሪኖው ከረንት በቾኩ ወይም በሞተር ማጥፊያው የብረት ገመድ ይመለሳል። ሞተር ስታስነሱ ያ ገመድ ከሞቀ ወይም ከጨሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በመመገቢያው በኩልም ልኬቱ ያው ነው። መብራቱ በርቶ፣ አንዱ ጫፍ ከባትሪው ማሳ ካልሆነው ጫፍ፣ ሌላው ከአምፖሉ መግቢያ። እስከ 0.5 ቮልት ይፈቀዳል። 2 ቮልት ካነበባችሁ ከአምፖሉ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ በየመገናኛው ለኩ፦ ከመብራቱ አጠገብ ያለው ማገናኛ፣ የረጅምና አጭር መቀየሪያው፣ ዋናው ማብሪያ። ቁጥሩ በድንገት የሚያንስበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ጥፋቱ አሁን በያዛችሁትና ቀድማችሁ በለካችሁት መካከል ነው። ልኬቱ ትንሽ ቢመስልም አትናቁት፦ አምፖል ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወድቃል። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ የዚያ ልዩነት ዋጋ ይታወቃል። ባለ 60 ዋት አምፖል ከገባ ሁለቱ ረጅም መብራቶች ብቻ 10 አምፔር ይስባሉ፤ ያ ሁሉ በአሮጌ ማብሪያ እንዲያልፍ ከመፍቀድ ለረጅምና ለአጭር አንዳንድ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ) አስገቡ። በሪሌው ቁጥር 30 ጫፍ ላይ ከባትሪ በ15 አምፔር ፊውዝ የመጣ ወፍራም ሽቦ፣ በ87 ወደ መብራቶቹ የሚሄደው፣ በ86 የድሮው ሰማያዊ ሽቦ፣ በ85 ማሳ። በቆዩት ሞዴሎች የፊት መብራት ጨርሶ ፊውዝ ስለሌለው በዚሁ ፊውዝም ያገኛል።

ስለ ፊውዝ ካነሳን፦ የሉካስ የመስታወት ፊውዝ ላይ 35 የሚለው የሚቃጠልበት መጠን ነው። ዘወትር የሚሸከመው ግማሹን፣ 17 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው 35 ግን ዘወትር 35 የሚሸከም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከገባ ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይቃጠላል። በዘመናዊ ፊውዝ ስትተኩ 15 ወይም 20 አስገቡ።

ሾርት ፍለጋ ፊውዝ እያቃጠላችሁ አትሂዱ። የ21 ዋቱን አምፖል በባትሪው ጫፍና በተነቀለው ገመድ መካከል አስገቡት። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ በደንብ ከበራ ሾርት አለ። ከ1.75 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦ አይቃጠልም። አሁን መስመሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ አምፖሉ የጠፋበት መስመር ጥፋተኛው ነው። መጀመሪያ ቡናማዎቹን መርምሩ፣ በተለይ ከሞተሩ ክፍል ወደ ክሩስኮት በብረቱ ቀዳዳ የሚያልፉበትን። የቀዳዳው ጎማ ሲደርቅ ብረቱ ሽቦውን እንደ ቢላ ይበላዋል፣ ቡናማ ደግሞ የሚያስቆመው ፊውዝ የለውም። መኪና በእሳት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

የናፍጣውን ሞተር በተመለከተ አንድ ነገር። በቆየው ባለ 2.25 ሊትር ሞተር ላይ አራቱ ማሞቂያ ካንዴላዎች በተርታ ነው የተያያዙት፤ አንዱ ከተበጠሰ አራቱም ይቀዘቅዛሉ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ባለበት ጠዋት ሞተሩ እምቢ ሲል ባትሪ ከመውቀስ በፊት ማሞቂያውን አብሩና ከማሳ አንጻር በየካንዴላው ጫፍ ቮልት ለኩ። ከአንዱ ፊት ሙሉ ቮልት ኖሮ ከኋላው ምንም ከሌለ የተበጠሰው እሱ ነው። የነዳጅና የሙቀት ጌጆች አብረው ከልክ በላይ ካነበቡ ደግሞ ጌጆቹን አትንኩ፤ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው 10 ቮልት የሚሰጠው ትንሽ ሳጥን ማሳ አጥቷል።

አዲስ ሽቦ ስትገዙ የቤት መዘርጊያ ሽቦ አትቀበሉ። አንድ ደንዳና ክር ስላለው በመንገዱ ንዝረት ይሰበራል፣ ሽፋኑ ደህና ስለሚሆን ደግሞ ስብራቱ አይታይም። ባለ 14 ክር፣ እያንዳንዱ ክር 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነው (1 ካሬ ሚሊ ሜትር) እስከ 8.75 አምፔር ይሸከማል፤ ለፓርኪንግ፣ ለፍሬቻ፣ ለፍሬንና ለጌጅ ይበቃል። ባለ 28 ክሩ 17.5 አምፔር፣ ለፊት መብራትና ለክላክስ። ባለ 44 ክሩ 27.5፣ ለዋና መመገቢያ። ለአልተርኔተር ባለ 84 ክር፣ 42 አምፔር የሚችለው። ለረጅሙ ባለ 109 ኢንች (ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ) መኪና ከክሩስኮት እስከ ኋላ ለአንድ ሽቦ 6 ሜትር ያዙ። ወደ ኋላ የሚሄዱት ፓርኪንግ፣ ፍሬን፣ የግራ ፍሬቻ፣ የቀኝ ፍሬቻ፣ የነዳጅ ጌጅና ማሳ ናቸው፤ ስድስት ሽቦ 36 ሜትር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከሚሻገረው ጋር 40 ሜትር። ሁሉንም ቀለም ካላገኛችሁ መደቡን ጠብቁና ጥለቱን በሁለቱም ጫፍ በተለጠፈ ጽሑፍ ተኩ።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል መገናኛ አይደለም። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ የናስትሮው ሙጫ ይቀልጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከዚያ ይላቀቃል። በደንብ የተጨመቀ ማገናኛ ወይም በስታኞ የተበየደና በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ የተሸፈነ ይሁን። ብየዳው አጠገብ ያለው ሽቦ ስለሚደርቅ ከመገናኛው ግራና ቀኝ ከአካሉ ጋር እሰሩት፣ እንዳይንቀጠቀጥ።

ስትጨርሱ ባትሪውን በቀጥታ አትሰሩ። መጀመሪያ በዚያው በ21 ዋት አምፖል በኩል አገናኙ። ሁሉም ጠፍቶ አምፖሉ ካልበራ፣ ፓርኪንግ ሲበራ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ከበራ መስመሩ ደህና ነው፤ አምፖሉን አውጡና ባትሪውን እሰሩ። መንዝ ውስጥ ወዳለችው መሐል ሜዳ ከመጀመሪያው ደርሶ መልስ በኋላ የማሳ ቡሎኖቹን ሁሉ ዳግም በቁልፍ ሞክሩ፤ አዲስ የታሰረ ሮንዴላ በዚያ መንገድ ላይ ቦታውን ሲይዝ ጥቂት ይላላል።