ናይት ለምትሠሩ የድሬ ሰዎች፦ ከአዩርቬዳ የተወሰዱ ችግርና መፍትሔዎች

ይህ ጽሑፍ ሌሊቱን ቆሞ ለሚያድር የድሬዳዋ ሰው ነው። ለነርሷ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛው፣ ለጥበቃው፣ ለባጃጅ ሹፌሩ።

አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው። ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ኃይሎች ናቸው ይላል። ቫታ ነፋስ ነው፤ ደረቅና ቀላል። ፒታ እሳት ነው። ካፋ ውሃና አፈር ነው፤ ከባድና ዝግ ያለ። ሌሊት መንቃት ሰውነትን ያደርቃል፣ ቫታን ያነሣል። በልቶ ጠግቦ ቀን መተኛት ደግሞ ካፋን ይከምራል። ይህ የባህሉ አገላለጽ ነው። የዛሬው ሳይንስ ነገሩን በሰውነት ሰዓትና በሆርሞን ያስረዳዋል። ምክሩ ላይ ግን ብዙ ቦታ ይገናኛሉ።

የእኔ እምነት አንድ ነው። የናይት ሠራተኛ ጤና በአብዛኛው የሚበላሸው ሌሊቱን አይደለም። ከሥራ ወጥቶ እስኪተኛ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

«ጠዋት እተኛለሁ፤ በአራት ሰዓት ዓይኔ ፍጥጥ ይላል»

ከሁሉም በላይ የሚሰማው አቤቱታ ይሄ ነው። ሰውዬው በሁለት ሰዓት ጋደም ይላል። አራት ሰዓት ላይ አፉ ደርቆ፣ ልቡ እየመታ ይነቃል። ከዚያ በኋላ መገላበጥ ብቻ ነው።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ ተደራራቢ ነው። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ አለ። ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ሲገባ አእምሮ «ነጋ» ብሎ የእንቅልፍ ሆርሞኑን ሜላቶኒንን ይዘጋል። ቀጥሎ ቡና አለ። ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ይቆያል። ሌሊት 10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገና ሥራ ላይ ነው። ሻይም፣ የቡና ቅጠሉ ቁጢም፣ ከቡና ገለባ የሚፈላው ሀሻራም ካፌይን አላቸው። ሦስተኛው ቁርስ ነው። ከሥራ መልስ ዘይት የጠጣ ፈጢራ ወይም አንድ ሳህን ፉል፣ ከዚያ ቀጥታ አልጋ። ሆድ ሥራ ላይ እያለ እንቅልፍ አይጠልቅም። በዚህ ላይ ቆርቆሮው ይግላል።

መፍትሔው ከሌሊቱ ይጀምራል። የመጨረሻው ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት አይለፍ። ጠዋት ስትወጡ ኮፍያ፣ ሻሽ ወይም ጥቁር መነጽር አድርጉ።

አዩርቬዳ ለዚህ ቀጥተኛ ሕግ አለው። ሌሊት ነቅቶ ያደረ ሰው፣ የነቃበትን ጊዜ ግማሽ ያህል ጠዋት ይተኛ፤ ሳይበላ ይተኛ ይላል። ስምንት ሰዓት የነቃ አራት ሰዓት ማለት ነው። ይህ ለድሬ በጣም ይመቻል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ትተኛላችሁ። ተነሥታችሁ ምሳ ትበላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ራሱ በሙቀቱ ምክንያት ጋደም ሲል እናንተም የቀረውን ትጨምራላችሁ። አዩርቬዳ የቀን እንቅልፍ አይወድም፤ ግን የበጋ ሙቀትን ለይቶ ይፈቅዳል፣ ሌሊት ነቅቶ ለደከመ ሰውም ይፈቅዳል። እናንተ ሁለቱም አላችሁ። ዋናው የሁለቱ እንቅልፍ ድምር ሰባት ሰዓት አካባቢ መድረሱ ነው። ባዶ ሆድ የሚያስቸግረው ሰው ግማሽ ኩባያ ቀጭን አጥሚት ወይም አንድ ሙዝ ይውሰድ። ከዚያ በላይ አይሂድ።

አሁን እግራችሁን። ሁለት ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት በቡና ስኒ አድርጉ። ስኒውን ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለትንሽ ደቂቃ አቁሙት። በእጅ አንጓችሁ ሞክሩት፤ ለብ ይበል እንጂ አያቃጥል። እግር ታጥባችሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በአውራ ጣት ከተረከዝ ወደ እግር ጣቶች እየተጫናችሁ እሹት። የውስጥ እግሩ መሃል ላይ ቆም በሉ። ለእያንዳንዱ እግር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ አሮጌ ካልሲ አድርጉ፤ አንሶላው አይቆሽሽም፣ ሊሾ ላይም አትንሸራተቱም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲብስ በኮኮናት ዘይት ቀይሩት፤ አዩርቬዳ ሰሊጥን አሟቂ፣ ኮኮናትን አቀዝቃዥ ብሎ ይለያቸዋል። ስኳር ያለበት ወይም እግሩ ላይ ቁስል ያለው ሰው ግን ይህን ሐኪም ሳይጠይቅ አያድርግ።

ከእግሩ በኋላ ሞቅ ያለ ወተት ትንሽ ሄልና በጣት ጫፍ ቆንጠር ተደርጎ የተፈጨ ገውዝ ይዞ መጠጣት የቆየ የእንቅልፍ ዘዴ ነው። ገውዝ ግን በማንኪያ አይጨመር። ሲበዛ ይመርዛል። ጾም ከሆነ የሱፍ ውሃ ይተካዋል።

«ቃር፣ የሆድ መነፋት፣ ድርቀት»

አዩርቬዳ የምግብ መፍጫውን ኃይል አግኒ ይለዋል፤ እሳት ማለት ነው። ይህ እሳት ቀትር ላይ ይነድዳል፣ ሌሊት ይዳከማል። ሳይንሱም ብዙ አይርቅም። ሌሊት ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀን የበላችሁት ያው ሳህን ሌሊት ቢበላ የደም ስኳርን የበለጠ ከፍ ያደርጋል።

ዋናውን ምግብ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ብሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ሳምቡሳና ለስላሳ መጠጥ ከመውሰድ ሞቅ ያለ የምስር ሾርባ፣ ሳሳ ያለ ሽሮ ወይም አጥሚት ይሻላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ከውሃና ሻይ ቅጠል ከሌለበት ትኩስ መጠጥ በቀር ምንም ባይወሰድ ጥሩ ነው።

ለነፋት ደግሞ ቀላል ነገር አለ። ከቀፊራ ገበያ ከሙን፣ ድንብላልና እንስላል ግዙ። ከእያንዳንዱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፍሬውን በአንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ፣ አጥልላችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ሌሊቱን ጥቂት በጥቂት ጠጡት። የሆድ ድርቀት ካለ ቀዝቃዛ ውሃውን ትታችሁ ለብ ያለ ጠጡ፤ ፓፓያ ጨምሩ። የድሬ ሙቀት ላብ ያወጣል፤ ብዙ ሰው የሆድ ድርቀት የሚይዘው ውሃ ስለማይጠጣ ነው።

ረመዳን ላይ ናይት የምትሠሩ ሰዎች ይህ ሰዓት አይሠራላችሁም። እናንተ ሱሁርን ዋና አድርጉት፤ ግን ከጥብስ ይልቅ ገንፎ፣ ቴምርና ውሃ ያለበት ይሁን።

«ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይከዳኛል»

በዚያ ሰዓት የሰውነት ሙቀት ከቀኑ ሁሉ ዝቅተኛው ላይ ነው። ስንፍና አይደለም። አዩርቬዳ ተቀምጦ ማንጎላጀትን ከሌላው እንቅልፍ ለይቶ ያየዋል፤ አያደርቅም፣ አያከብድም ይላል። ከባልደረባ ጋር ተራ ይዛችሁ 20 ደቂቃ ወንበር ላይ አሸልቡ። ከዚያ ፊት ታጠቡ፣ ተራመዱ፣ ሻይ ቅጠል የሌለበት የዝንጅብል ሻይ ጠጡ።

ጠዋት ከብዷችሁ ከሆነ ሞተር አትንዱ። ሌላ ሰው ያድርሳችሁ።

ጫት

እዚህ አገር ስለ ሌሊት ሥራ እየጻፉ ስለ ጫት ዝም ማለት አይቻልም። ብዙ ሰው ሌሊቱን ለመግፋት ይቅማል፤ ጠዋት ደግሞ ምርቃናው አልለቅ ስለሚል ለመተኛት ሌላ ነገር ይፈልጋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሆድ ያደርቃል። በአዩርቬዳ ዓይን ካየነው የሌሊት መንቃት ካደረሰው ድርቀት ላይ ሌላ ድርቀት መጨመር ነው። እየቃማችሁ እግር በዘይት ብታሹ ዘይቱ ምንም አያመጣም። በአንድ ጊዜ ማቆም ካቃታችሁ ቢያንስ ናይት ባላችሁ ቀናት ተዉት፤ ካልሆነም ከሥራ በፊት በጊዜ ጨርሱ። ለጨብሲ ብሎ አልኮል መጨመር እንቅልፉን ጭራሽ ያበላሻል።

«ዓይኔና ቆዳዬ ደረቀ»

ውሃ፣ ከገላ መታጠብ በፊት ትንሽ የሰሊጥ ዘይት፣ ምግብ ላይ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ። ዓይን ውስጥ ግን ምንም ዓይነት ዘይት ወይም ቅቤ አታስገቡ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የታሸጉ መድኃኒቶችን በተመለከተ

የአዩርቬዳ እንክብልና ዱቄት ከዱባይም ከሕንድም በሻንጣ ይመጣል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፦ ምንጩን ካላወቃችሁ አትውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት አሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሸጠው አሽዋጋንዳም በአንዳንድ ሰዎች ጉበት ላይ ጉዳት አድርሷል። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የታይሮይድ ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው አይንካው።

በ2 ሳምንት ውስጥ እንቅልፉ ካልተስተካከለ፣ ደረት ከወጋ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ ጉዳዩ የጤና ተቋም ነው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ «ጠዋትና ማታ» የሚለው ትእዛዝ ለእናንተ ሰዓት ላይሠራ ይችላል። የወሩን የፈረቃ ሰሌዳ ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙ በየትኛው ሰዓት እንደምትበሉና እንደምትተኙ አይቶ ሰዓቱን ያስተካክልላችሁ።