የተሰፋ ዛጎል ከየትኛው ዝርያ እንደሆነ እንዴት ይለያል?

በሐመር ሴቶች የቆዳ ልብስ ላይ ተሰፍቶ የምናየው ዛጎል፣ በሞቃት ባሕር ዳርቻ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ተሸክሞት የኖረ ቤቱ ነው። በአፍሪካ ገበያዎች ለዘመናት በገንዘብነት ያገለገሉት ሁለት ዝርያዎች፣ ሞኔታሪያ ሞኔታ እና ሞኔታሪያ አኑሉስ፣ በጣም ስለሚመሳሰሉ ብዙዎቻችን አንድ አድርገን እንቆጥራቸዋለን። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ግን እ.ኤ.አ. በ1758 ለየብቻ ሰይሟቸዋል። የሁለቱም ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሴንቲ ሜትር አያልፍም።

በመጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ያስለቅቁ፤ ሎሚና ኮምጣጤ ዛጎሉን ስለሚበሉትና ወዙን ስለሚያጠፉት ፈጽሞ አያስነኩት። ከዚያም ጥርሳሙን ስንጥቅ ወደ ታች አድርገው ብርሃን ባለበት ያስቀምጡት። ጀርባው ላይ ወርቃማ ወይም ብርቱካንማ መስመር ክብ ሠርቶ ከታየ አኑሉስ ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙም በላቲን ቀለበት ማለት ነው። ሞኔታ ከነጣ እስከ ቢጫ ያለ ቀለም አለው፤ ጠርዙ ወፍራም፣ ጎንና ጎኑም ጉብ ጉብ ያለ ስለሆነ፣ ከላይ ሲያዩት ማዕዘን ያለው ይመስላል። አንዳንድ ሞኔታ ስስ ቀለበት ስለሚኖረው በቀለበት ብቻ አይፍረዱ።

ከባዱ ጉዳይ የተሰፋው ዛጎል ነው። ክር እንዲያልፍበትና ቆዳው ላይ እንዲተኛ ሲባል ብዙውን ጊዜ ጀርባው ተፍቆ ስለሚነሣ፣ ቀለበቱም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን እኔ ከዓይን ይልቅ ጣትን አምናለሁ። አውራ ጣትዎን በጠርዙ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያዙሩት፤ ሰፋ ባለው ጫፍ ግራና ቀኝ ጉብታ ካደናቀፈዎት ሞኔታ ነው ለማለት ያስደፍራል፣ እንደ እንቁላል ሳይቋረጥ ከዞረ ደግሞ ወደ አኑሉስ ያደላል።

በሕይወት ሊያዩአቸው ከፈለጉ፣ ለምሳሌ በኬንያ ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በሚቀሩት ኩሬዎች፣ በኮራል ስባሪና በድንጋይ ሥር ይፈልጉ፤ ምግባቸው አልጌ ነው። ስስ ሥጋቸው ከሁለት ወገን ወጥቶ ዛጎሉን ስለሚሸፍነው መጀመሪያ ላይ ላይታወቁ ይችላሉ፤ ሲነኩ ግን ሥጋው ይሸሽና የሚያበራው ጀርባ ብቅ ይላል። የስንጥቁ ከንፈር ስስ ሆኖ ጥርስ ያላወጣ ካገኙ ገና ያላደገ ነውና በቅርጹ አይፍረዱ። ያነሡትን ድንጋይ በነበረበት ገጽ መልሰው ያስቀምጡ፤ ከሥሩ የተጣበቁትን ፍጥረታት ፀሐይ ታደርቃቸዋለች።